አንድ ምልክት ብቻ

ወረቀቱ ይላል፦ «ወፉን ያየህበት፣
አንድ ሳጥን ምረጥ፣ ምልክት አድርግበት፤
ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደንገል፣ ወይ መንደር፣
አንድ ብቻ ይሁን፣ ሁለት አይጨመር።»

እኔ ቆጣሪ ነኝ። ከዘንዘልማ በታች፣ በሰባት ነጥብ ላይ፣
በየነጥቡ አሥር ደቂቃ ቆሜ ሰማይ ሳይ፣
ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ አንገቴ ሽቅብ ለመደ፣
ጫማዬ ግን ጭቃውን እያቦካ ሄደ።

ገና ጎህ ሲቀድ፣ ታንኳው ወደ ዳር ሲጠጋ፣
ጭልፊቷ ቀድማኛለች ከዓሣ ሻጮቹ ጋ።
ስንደቁ ቢላዋን ስላ አምባዛውን ስትከፍት፣
አንጀቱን ከእጇ ላይ ሽው ብላ ነጠቀቻት።
«አንቺ ዓይን አውጣ!» ትላለች፣ ቢላዋውን ወደ ላይ እየሰበቀች፣
ግን ሁልጊዜ አንድ ጉማጅ ከድንጋዩ ጫፍ ታስቀምጣለች፤
ለማን እንደሆነ ጠይቄያት አታውቅም፣
እሷም አልነገረችኝም።

«ዳር» የሚል ሳጥን የለም።
«ደንገል» ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ደንገሉ ግን ታጭዶ አልቋል፣ ዘንድሮ አልበቀለም።

ረፋድ ላይ ያችው ናት፤ አንድ ላባ ይጎድላታል ከግራ።
ከአንለይ ሞፈር ኋላ፣ ከቁራው ጋር ተራ በተራ፣
ከተገለበጠው አፈር ጢንዚዛና የአይጥ ግልገል ትለቅማለች።
ጫቱ ማሳ ዘንድ ስትደርስ ግን ከፍ ብላ ታልፋለች፤
መድኃኒቱ ሸቷት ይሁን፣ ወይ ቅጠሉ መሬቱን ጋርዶባት፣
አላውቅም። ለማላውቀው ነገር ወረቀቱ ላይ ቦታ የለበት።

አንለይ የኔን ጭልፊት ከቁብ አይቆጥራትም፤
እሱ የሚያየው ገዴን ነው፣ ከመብራት ምሰሶው ጫፍ የማይጠፋውን፤
ነጭ ደረቱን ካዞረለት፣ «ዛሬ ቀናኝ» ይላል፣
ጀርባውን ከሰጠው በሬዎቹን ፈቶ ወደ ቤቱ ይገባል።
«ምን ብለህ ጻፍከው?» አለኝ።
«ምሰሶ ላይ ነው፤ መንደር።»
«ደረቱን ነው ጀርባውን?»
ዝም አልኩ። ይህን የሚጠይቅ መስመር
አልተሰመረም።

«አንተስ» አልኩት፣ «ቢቆጥሩህ በየትኛው ሳጥን?»
ሳቀ። ሌሊት ዓሣ፣ ጠዋት እርሻ፣ ቀትር ላይ ጫት ሲጭን፣
ማታ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ያላለቀ ፎቅ ጥበቃ፣
ካርቶን ላይ ጋደም ብሎ፣ አንድ ዓይኑ እንደነቃ።
«የትም አዳር የለኝም» አለ፣
ይህንኑ ብቻ ብሎ፣ ጅራፉን አንሥቶ ትልሙን ቀጠለ።

በሰኔ መባቻ የሞላልኝ ባሕር ዛፍ ለአጠና ተሸጠ፣
ከነጥብ አራት ያለው ረጅሙም አብሮ ተቆረጠ።
ጎጆዋም ወደቀ።
ጫጩቶቹ በርረው ነበር ይላሉ፤ አንለይ «ድመት ነው የበላቸው» አለ።
እኔ ጎጆውን ብቻ ነው ያየሁት።

ተንበርክኬ ፈታሁት፤ መቁጠር አንዴ ልማዴ ሆኗል፦
የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ ሰማያዊ አጎበር፣ የመረብ ቁራጭ ይዟል፣
የጫት ማሰሪያ ልጥ፣ ያንድ ሕፃን ካልሲ፣ የፍየል ጠጉር፤
ከመሐሉ ደግሞ፣ እንቁላል ከሚያርፍበት ከለስላሳው ሥፍር፣
ቀይ ጥብጣብ።
የኔው ነው። ነጥብ አራት እንዳይጠፋኝ ብዬ፣
ዓምና ከግንዱ ላይ ያሰርኩት፣ በድርብ ቋጠሮ አጥብቄ፤
ቁጥሩ እንኳን አለ፣ በእጄ የጻፍኩት፣ አራት፣
ኩስ ነክቶት፣ ደብዝዞ፣ አንድ እግሩ ጠፍቶበት።

እስክሪብቶ አወጣሁ። አራቱን ሳጥን አየሁ።
ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ።
እሷ ከጉቶዎቹ በላይ አንዴ ዞረች፣
ከዚያ ግራ ክንፏን ዘንበል አድርጋ ወደ ሐይቁ ወረደች፤
ስንደቁ አሁን ቢላዋዋን የምታጥብበት ሰዓት ነው።